የተቃጠለ ዘይት መሳቢያ ፓምፕ ስለ መምረጥ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ለሰሜኑ አገር ንግድ ዋነኛ መተላለፊያ ነው። እህልና ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሸቀጣ ሸቀጥ የጫኑ ከባድ መኪናዎች፣ መንገደኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች በየዕለቱ ይመላለሱበታል፤ በየከተማውም ውስጥ ባጃጆች ከማለዳ እስከ ምሽት ይሽከረከራሉ። መኪና ባለበት ስፍራ ጋራዥ አይታጣም፤ ጋራዥ ባለበትም ከሞተር፣ ከካምቢዮና ከዲፈረንሳል የወረደ አሮጌ ዘይት አለ። ይህንኑ መካኒኮች «የተቃጠለ ዘይት» ይሉታል።

የተቃጠለ ዘይት እንደ ተራ ጥራጊ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ገዢ ያለው ዕቃ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው የባሕር ዛፉን ቋሚ ምስጥ እንዳይበላው ይቀባበታል፤ ኮንትራክተር የኮንክሪት ሳንቃው እንዳይጣበቅበት ያብስበታል፤ በውጭ አገርም ለሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ማገዶ ይሆናል፣ ተጣርቶም እንደገና ለዘይት መሥሪያ ይውላል። ይሁን እንጂ ዘይቱ ከመኪናው ሆድ ወርዶ ገዢው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ከሳፋ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ጀሪካን ወይም ወደ ጭነት መኪና መገልበጡ አይቀርም። በብዙ ስፍራ ይህ ሥራ የሚከናወነው በባልዲ፣ ወይም የጎማ ቱቦ ጫፍ በአፍ እየተሳበ ነው።

ከዚህ ለመዳን አነስተኛ ፓምፕ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ ባለጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የውኃ ፓምፕ ወይም የናፍጣ ፓምፕ ነው። ባለሱቁም በቅን ልቡና ያለውን አንሥቶ ይሰጠዋል። ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ወይ መሳብ ያቆማል፣ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ገዢው በሻጩ፣ ሻጩ በአስመጪው፣ አስመጪውም በፋብሪካው ያማርራል። በመሠረቱ ግን ጥፋቱ የምርጫው ነው። ለዚህ ሥራ መታየት የሚገባው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሊትር ብዛት ሳይሆን፣ ፓምፑ የሚጠባው ነገር ጠባይና የሚጠባበት ቱቦ ስፋት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ማብራሪያ አስመጪውም፣ ባለሱቁም፣ ባለጋራዡም ይህንኑ እንዲያመዛዝኑ የሚረዳ ነው።

ጉዳዩ ለምን ሊታሰብበት ይገባል

በመጀመሪያ የሰው ጤና አለ። ቱቦ በአፍ የሚስብ ረዳት አንድ ቀን ዘይቱ ወደ ጉሮሮው መግባቱ አይቀርም፤ ወደ ሳንባ የወረደ ዘይት ደግሞ ብርቱ የሳንባ ሕመም ያስከትላል። በቆዳ ላይ ዘወትር የሚፈስስ የተቃጠለ ዘይትም በውስጡ ጥላሸትና በሞተር ሙቀት የተፈጠሩ መርዛም ነገሮች ስላሉበት ለቆዳ በሽታና ለካንሰር ያጋልጣል።

ሁለተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ መኪና በአንድ ጊዜ የሚወርድ አሮጌ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለት ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ በየትም አገር የሚሠራ ቢሆንም ለሐይቅ ከተማ የተለየ ትርጉም አለው። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ ከዙሪያው ኮረብታዎች የሚወርደውን ጎርፍና ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ወራጅ ወንዝ የጣሉበትን ቆሻሻ አርቆ ይወስዳል፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን የገባበትን ይዞ ይቀመጣል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ዓሣ አጥማጁ እንጀራውን የሚያገኘው፣ ከብትም የሚጠጣው ከዚያው ነው። በጋራዥ ደጃፍ በየቀኑ የሚንጠባጠበው ጥቂት ዘይት ክረምት ሲገባ ከጎርፍ ጋር ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም በዚሁ ረገድ የወጣ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነትም አሮጌ የማዕድን ዘይትን ቁጥጥር ከሚያሻቸው ቆሻሻዎች መካከል ይቆጥረዋል። ስለሆነም የተቃጠለ ዘይት በድንበር አሻግሮ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ ሕጉን መጠየቅ ይገባዋል።

አራተኛው ገንዘብ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ ዘይት ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። ውኃና አፈር የገባበትም ገዢው ዋጋ ይቀንስበታል።

የተቃጠለ ዘይት ጠባይ

የፓምፕ ምርጫ የሚጀምረው ከፈሳሹ ነው። የውኃ ወፍራምነት በተለመደው የአየር ሙቀት 1 ቢባል ናፍጣ ከ3 እስከ 5 ያህል ይሆናል። በብዙ የጭነት መኪናዎች የሚገባው 15ደብልዩ-40 የተባለው የሞተር ዘይት ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን ወደ 110፣ 20 ዲግሪ ሲሆን ከ300 በላይ፣ 10 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ወደ 600 ይደርሳል። በሞተሩ ውስጥ ሳለ፣ በ100 ዲግሪ ሙቀት፣ ያው ዘይት 15 ገደማ ብቻ ነበር። የካምቢዮና የዲፈረንሳል ዘይት ከዚህም ይበልጥ ይወፍራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። አንድ ፓምፕ ከሰዓት በኋላ ከሞተር የወረደውን ሞቅ ያለ ዘይት በሚገባ ሳበ ማለት፣ በኅዳር ማለዳ በርሜል ውስጥ ያደረውን ዘይት ይስባል ማለት አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ ዘይቱ በብዙ እጥፍ ወፍሯል።

እንደዚሁም የተቃጠለ ዘይት ንጹሕ አይደለም። በውስጡ ጥላሸት፣ የብረት ብናኝ፣ የጓርኒሲዮን ፍርፋሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ብሎንና ጨርቅ ይገኛል። ውኃም ይቀላቀልበታል፤ ውኃው ከዘይት ስለሚከብድ በበርሜሉ ግርጌ ይዘቅጣል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ቤንዚን ነው። አዲስ የሞተር ዘይት በእሳት ነበልባል የሚያያዝ ትነት የሚሰጠው ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን በማንኛውም የአየር ጠባይ ይተናል። ዕቃ የታጠበበት ቤንዚን ወደዚያው በርሜል ከተጨመረ በርሜሉ የዘይት በርሜል መሆኑ ቀርቶ የእሳት አደጋ ይሆናል። የፍሬን ዘይትም ከሌላው ጋር ሊቀላቀል አይገባውም፤ ዘይቱን የሚችለው የፓምፕ ጎማ በፍሬን ዘይት ያብጣልና።

የፓምፕ ዓይነቶችና የየራሳቸው ጠባይ

1ኛ/ የውኃ ፓምፕ። ይህ በፍጥነት በሚሽከረከር ክንፍ ውኃውን እየወረወረ የሚገፋ ነው። ለስስ ፈሳሽ እጅግ የተመቸ ሲሆን፣ ፈሳሹ ሲወፍር ግን ክንፉ በከንቱ ይዞራል፣ የሚወጣው መጠን ያሽቆለቁላል፣ ሞተሩም ይግላል። በተጨማሪም አስቀድሞ በፈሳሽ ካልተሞላ ከታች አይስብም። ለተቃጠለ ዘይት ጨርሶ አይመከርም።

2ኛ/ የናፍጣ ፓምፕ። በነዳጅ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀው ባለ 12 ቮልት ወይም ባለ 220 ቮልት የናፍጣ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የሚንሸራተቱ ትንንሽ ምላሶች አሉት። «በደቂቃ 40 ሊትር» የሚለው ጽሑፍ የናፍጣ ልክ ነው። ወፍራም ዘይት ሲገባበት ምላሶቹ በየጎድጓዳቸው ይያዛሉ፣ የብረት ብናኝም ይፈጋቸዋል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይጫናል። ፋብሪካው ለዘይት እንደሚሆን በግልጽ ካልጻፈ በቀር ለዚህ ሥራ መሸጥ አይገባም።

3ኛ/ ባለጥርስ ፓምፕ። በአንድ የብረት ቤት ውስጥ ሁለት ጥርሳም መዘውሮች ተጠላልፈው ሲዞሩ ዘይቱን በጥርሶቻቸው መካከል ይዘው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። በመኪናው ሞተር ውስጥ ዘይት የሚያዘዋውረው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ዘር ነው። ወፍራም ዘይት አያስፈራውም። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው፣ ጠጣር ብናኝ ጥርሱንና ቤቱን ስለሚበላው ማጥለያ የግድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው፣ መውጫው ቢዘጋበትም መግፋቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ግፊቱ ሲበዛ ዘይቱን ወደ ኋላ የሚመልስ ማስተንፈሻ ቫልቭ ከሌለው ወይ ቱቦው ይፈነዳል፣ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል። በደቂቃ ከ10 እስከ 25 ሊትር የሚስብና በዝግታ የሚዞር ባለጥርስ ፓምፕ ለመካከለኛ ጋራዥ በጣም ተስማሚ ነው።

4ኛ/ በአየር የሚሠራ ፓምፕ። ይህኛው ሁለት የጎማ ሽፋኖች አሉት፤ ከኮምፕሬሰር የሚመጣው አየር ሽፋኖቹን በየተራ ሲገፋ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ያስወጣል። ቆሻሻ ይችላል፤ ባዶውን ቢሠራ አይቃጠልም፤ መውጫው ቢዘጋ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ አይሰበርም። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለሌለውም ከእሳት አደጋ የራቀ ነው። ጎሚስታ ያለበት ጋራዥ ኮምፕሬሰር አስቀድሞ አለው፤ ስለዚህ ተጨማሪ ወጪው የፓምፑ ብቻ ነው። ጉድለቱ አየር ብዙ መፍጀቱና የሽፋኖቹ ጎማ ለዘይት የማይሆን ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለ ጎማው ከዚህ በታች ተመልክቷል።

5ኛ/ የእጅ ፓምፕ። በበርሜል አፍ ላይ የሚታሰርና እጀታው የሚዞር ወይም ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቀነቅ ነው። በአንድ ዙር ወይም በአንድ ነቅናቄ ሦስት አሥረኛ ሊትር የሚሰጥ ቢሆን፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ለመጨረስ 670 ጊዜ ያህል መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ በደቂቃ 30 ጊዜ ቢነቀነቅ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አይቃጠልም፣ ማንም መካኒክ ይጠግነዋል። አነስተኛ ጋራዥ ከዚህ የሚሻል ነገር አያገኝም።

6ኛ/ አነስተኛዋ የባትሪ ፓምፕ። በቀጭን ቱቦ ዘይት በጥልቀት መለኪያው ቀዳዳ በኩል ከሞተር ለመምጠጥ የተሠራች ናት። ዋጋዋ ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው ይገዛታል። ነገር ግን ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ፓምፖች በደቂቃ ከጥቂት ሊትር አይበልጡም፣ ዘይቱም ሞቅ ያለ እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ሳያርፉም ረዥም ጊዜ መሥራት አይችሉም። ለሚኒባስና ለቤት መኪና ትሆናለች፤ በርሜል ለመገልበጥ ግን አልተሠራችም።

ስለ ቱቦው ስፋት

ባለጋራዦች ከሁሉ አብልጠው የሚዘነጉት ቱቦውን ነው። ማንኛውም ፓምፕ ፈሳሹን ጎትቶ አያመጣም፤ የሚሠራው ነገር ቢኖር በመግቢያው በኩል ያለውን ግፊት መቀነስ ነው። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው በበርሜሉ ላይ ያለው የዓለም አየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ጠረፍ 1 ባር ያህል ሲሆን፣ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋው በሐይቅ ከፍታ ግን ከ0.8 ባር ብዙ አይበልጥም። ፓምፑ የቱን ያህል ብርቱ ቢሆን ከዚህ የበለጠ የመሳብ ኃይል ሊኖረው አይችልም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ የሞተር ዘይት፣ በ3 ሜትር ቱቦ ውስጥ፣ በደቂቃ 20 ሊትር እንዲያልፍ ቢፈለግ፣ ቱቦው ዘይቱን ስለሚይዘው ብቻ የሚጠፋው ግፊት እንደሚከተለው ነው፦

የቱቦው የውስጥ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር (1 ኢንች) ሲሆን፣ 0.28 ባር ገደማ፤

19 ሚሊ ሜትር (ሦስት ሩብ ኢንች) ሲሆን፣ 0.83 ባር ገደማ፤

12.5 ሚሊ ሜትር (ግማሽ ኢንች) ሲሆን፣ 4.4 ባር ገደማ።

በዚህም ላይ ዘይቱ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ሲሳብ 0.09 ባር ይጨመራል። እንግዲህ በሐይቅ ያለው የአየር ክብደት 0.8 ባር ያህል ከሆነ፣ በሦስት ሩብ ኢንች ቱቦ በደቂቃ 20 ሊትር ቀዝቃዛ ዘይት መሳብ የማይቻል ነገር ነው፤ በግማሽ ኢንች ቱቦማ ጨርሶ አይታሰብም። ፓምፑ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ባለጋራዡም ፓምፑ ደካማ የሆነ መስሎት ሌላ ትልቅ ፓምፕ ይገዛል፤ ትልቁም በዚያው ቱቦ ያንኑ ይደግማል። የቱቦ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የዘይቱ መጨናነቅ በ16 እጥፍ ይጨምራልና፣ ከፓምፕ ይልቅ ቱቦ መለወጥ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ነው።

ስለዚህ በመሳቢያው በኩል ያለው ቱቦ ሰፊና አጭር ይሁን፤ ከ25 ሚሊ ሜትር ባያንስ፣ ከተቻለም 32 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ሲሳብ እንዳይጨፈለቅ በውስጡ የሽቦ ጥምጥም ያለበት ይሁን። ፓምፑ በበርሜሉ አጠገብ ይቀመጥ፤ መንገዱ የሚረዝም ከሆነ የሚረዝመው በመውጫው በኩል ይሁን። መጋጠሚያዎቹ በፋሸታ በሚገባ ይጥበቁ፤ በመሳቢያ በኩል የላላ መጋጠሚያ ዘይት አያፈስም፣ አየር ግን ያስገባል፣ አየር የገባበት ፓምፕም አይስብም። ማጥለያውም ዓይኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ ገጹ ሰፋ ያለ ይሁን፤ እጅግ የደቀቀ ማጥለያ በጥላሸት ቶሎ ይደፈንና ጠባብ ቱቦ እንደ ማሰር ይሆናል።

ስለ ኃይል

ይህ ሥራ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። በደቂቃ 20 ሊትር በ2 ባር ግፊት ለመግፋት በሒሳብ የሚያስፈልገው ከ70 ዋት አይበልጥም። በፓምፑና በሞተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲጨመርም ግማሽ ኪሎዋት ያህል ሞተር ይበቃል። «ትልቅ ሞተር ያለው ይሻላል» የሚለው አሳብ ለዚህ ሥራ እውነት አይደለም።

ነገር ግን ከፍታው ሞተሩንም ይመለከተዋል። የተለመዱት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኃይላቸው የሚጻፈው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ ስፍራ ነው። በሐይቅ፣ ይልቁንም በደሴ ከፍታ አየሩ ሳስቶ ሞተሩን እንደ ልብ ስለማያቀዘቅዘው ጥቂት ትርፍ ያለው ሞተር መምረጥ ይገባል። ኮምፕሬሰርም እንዲሁ በከፍታ ላይ የሚሰጠው አየር ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ስፍራ ባለ 12 ቮልት ባለጥርስ ፓምፕ ይመረጣል። 250 ዋት የሚፈልግ ፓምፕ ወደ 21 አምፔር ይስባል፤ በ10 ደቂቃ አንድ በርሜል ቢጨርስ ከባትሪው የሚወስደው 3.5 አምፔር-ሰዓት ነው። ይህም ባለ 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከሚይዘው ከ20 እጅ አንዱ ብቻ ነው። ሽቦው ግን ወፍራምና አጭር መሆን አለበት። ከቤንዚን ትነት አጠገብ ፈጽሞ ሊሠራበት አይገባም፤ የባትሪ ሞተር ብልጭታ ይረጫልና።

ፓምፑን ከጋራዡ መጠን ጋር ስለ ማስማማት

አንድ ጋራዥ በቀን ሁለት አይሱዙ፣ አራት ሚኒባስና አሥር ባጃጅ ዘይት ይቀይራል እንበል። ከአይሱዙ 12፣ ከሚኒባስ 6፣ ከባጃጅ 1 ሊትር ገደማ ቢወርድ ጠቅላላው 58 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜልም ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይሞላል። ለእንዲህ ያለው ጋራዥ በደቂቃ 20 ሊትር የሚስብ ባለጥርስ ፓምፕ በ10 ደቂቃ በርሜሉን ይገለብጣል፤ ከዚህ የሚበልጥ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ኮምፕሬሰር ካለው በአየር የሚሠራው ይሻለዋል።

ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ብቻ የሚጠግነው ቤት በርሜሉ የሚሞላው በብዙ ሳምንት ነው፤ ለዚህ የእጅ ፓምፕ ይበቃዋል። ከባድ መኪናዎች የሚያስተናግደው፣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ከየጋራዡ እየሰበሰበ የሚነግደው ሰው ደግሞ ከየስፍራው የሚያገኘው ዘይት ምን እንደተቀላቀለበት አያውቅምና ቆሻሻ የሚችለውንና ብልጭታ የሌለውን በአየር የሚሠራ ፓምፕ ቢይዝ ይጠቀማል።

ለአስመጪው የሚሆን ምክር

ፓምፕ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ «የዘይት ፓምፕ» ብሎ ማዘዝ አይበቃውም። በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቃልና የጣልያንኛው ቃል ባለመስማማቱ ምን እንደተከተለ የአምባሰል ሰው ሳይነገረው ያውቃል። በንግድም ቢሆን ሻጭና ገዢ አንዱን ቃል ሁለት ዓይነት የተረዱት እንደሆነ ጠቡ የሚመጣው ዕቃው ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ የሚከተሉት በግልጽ እንዲጻፉ ያስፈልጋል፦

ፓምፑ የሚስበው ፈሳሽ አሮጌ የሞተር ዘይት መሆኑ፣ የሚችለው ከፍተኛ ወፍራምነትም ቢያንስ 500 ሳንቲስቶክ መሆኑ፤

የሊትሩ ልክ የተለካው በዘይት እንጂ በውኃ ወይም በናፍጣ አለመሆኑ፤

የጎማ ክፍሎቹ፣ ማለት ፓራኦሊው፣ ጓርኒሲዮኑና ሽፋኑ ናይትራይል ከተባለው ጎማ ወይም ቫይቶን ከተባለው የተሠሩ መሆናቸው፤ የተፈጥሮ ጎማና ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው ግን በማዕድን ዘይት ያብጣሉና ተቀባይነት የላቸውም፤

ማስተንፈሻ ቫልቭ ያለው መሆኑ፤

የመግቢያው ስፋት ከ1 ኢንች የማያንስ መሆኑ፤ በበርሜል ላይ የሚታሰር ከሆነም ለባለ 2 ኢንች የበርሜል አፍ የሚስማማ ጥርስ ያለው መሆኑ፤

ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት፣ 50 ሳይክል፣ ወይም 12 ቮልት መሆኑ፤

ከእያንዳንዱ አሥር ፓምፕ ጋር ሊመጣ የሚገባው የመለዋወጫ ብዛት።

በጉምሩክ ታሪፍ የፈሳሽ ፓምፖች በአንቀጽ 8413 ሥር ይመደባሉ። የእጅ ፓምፕ በ8413.20፣ በአየር የሚሠራው ባለሽፋን ፓምፕ በ8413.50፣ ባለጥርስና ባለምላስ ፓምፖች በ8413.60፣ የውኃው ባለክንፍ ፓምፕ በ8413.70 ይገባሉ። በፋክቱሩ ላይ የዓይነቱ ስም በትክክል ካልተጻፈ ዕቃው ወደብ ላይ ሲጉላላ የሚከፈለው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የሚለወጥ ርካሽ ፓምፕ ሁለት ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ አምስት ዓመት የሚያገለግለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ።

ለባለሱቁ የሚሆን ምክር

በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ ያለ ባለሱቅ ብዙ ዓይነት ማከማቸት አይጠበቅበትም። አንድ የእጅ ፓምፕ፣ አንድ ባለጥርስ ፓምፕ፣ ከእነርሱም ጋር ባለሽቦ ቱቦ፣ ፋሸታ፣ ማጥለያና ፓራኦሊ ቢይዝ የደንበኛውን ፍላጎት ያሟላል። ፓምፕ ያለ ቱቦው መሸጥ ግማሽ ዕቃ መሸጥ ነው፤ ገዢው በቤቱ ያገኘውን የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ያስርበትና በማግሥቱ «አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። ባለሱቁ ከመሸጡ በፊት «ምን ዓይነት ዘይት? ከምን ያህል ጥልቀት? ኮምፕሬሰር አለ ወይ? መብራት ይጠፋል ወይ?» ብሎ አራት ጥያቄ ቢጠይቅ ከብዙ ክርክር ይድናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን በማሰብ የዘይት ዕቃ ገበያው ያከትማል ብሎ የሚሠጋ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያሉት የጭነት መኪናዎች፣ አውቶቡሶች፣ ትራክተሮችና የወፍጮ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ዘይት ይቀይራሉ።

ስለ አያያዙ

ዘይቱ ከሞተር ሲወርድ እጅ የማያቃጥል ግን ገና ለብ ያለ ሳለ ቢሳብ ሥራው ይቀላል። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ከበርሜሉ ግርጌ አንድ ጋት ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ ከታች የዘቀጠው ውኃና አተላ ለብቻው ተወስዶ ይቀመጥ እንጂ ከዘይቱ ጋር አይሳብ፣ ወደ ቦይም አይደፋ። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ዝናብ በማይደርስበትና ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ስፍራ፣ ዙሪያውን ዝቅተኛ ግንብ ተከቦ ቢቀመጥ የፈሰሰው እዚያው ይቀራል። የፈሰሰ ቢኖር ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ተነስንሶበት ይጠረግ እንጂ በውኃ አይታጠብ። ለቤንዚን፣ ለፍሬን ዘይትና ለራዲያተር ውኃ የየራሳቸው ጀሪካን ይኑራቸው፤ ስማቸውም ይጻፍባቸው። ባለጥርስ ፓምፕ ዘይት ሳይኖር ለረዥም ጊዜ አይዙር፤ ማጥለያውም በየሳምንቱ ይጽዳ።

ይህ ሁሉ ሲደመር ለአንድ ጋራዥ የሚያስፈልገው ከባድ ወጪ አይደለም፤ ለዘይት የተሠራ አንድ ዝግተኛ ፓምፕ፣ አንድ ሰፊና አጭር ቱቦ፣ አንድ ማጥለያና ክዳን ያለው በርሜል ነው። አስመጪው በፕሮፎርማው፣ ባለሱቁ በጥያቄው፣ ባለጋራዡ በአያያዙ ድርሻውን ቢወጣ ሠራተኛው ዘይት በአፉ ከመሳብ ይድናል፣ የተጠራቀመው ዘይትም በደህና ዋጋ ይሸጣል፣ መውጫ የሌለው ሐይቅም የማይገባውን ሸክም አይሸከምም።